አራት ጣት የረዘመው መቋሚያ

አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ቀን የምቆጥር ልጅ እንዳልሆንኩ አንተው ታውቃለህ፤ የፈተና ቀን እንኳን ከሰው ነው የምሰማው። ይሄን ግን ቆጥሬዋለሁ። መቃብርህ ጋ መጥቼ በቃሌ ልነግርህ ሁለቴ ሞክሬ ነበር። አንዴ አጠገብህ ያረፉት ሰውዬ ቤተሰቦች መጥተው ስለነበር አፈርኩ። ሌላ ቀን ደግሞ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ባሰብኝ። በቃ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ። የምጽፈው ላንተ ነው፤ ግን ሌላውም ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ፤ በተለይ "ነፍሱን ይማረውና፣ በመጨረሻ እጁ ከድቶት ነበር" እያለ ስምህን የሚያነሳ ሰው። እጅህ እንዳልከዳህ የማውቀው እኔ ምላሳሟ ልጅህ ነኝ። እንዴት እንዳወቅኩ ለመናገር ደግሞ ይኸው ዓመት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የቤት ወሬ ልንገርህ፤ ሐፍረቱ የትም አይሄድም። ካዛንቺስ የነበረችው የእንጨት ሥራ ቤትህ የለችም፤ ሰፈሩ ሲነሳ አብራ ተነሳች። አሁን እዚያ ሰፊ መንገድና የሚያብረቀርቅ የእግረኛ ንጣፍ ነው ያለው። ባለፈው ከትምህርት ቤት ስመለስ በርህ የቱ ጋ እንደነበር ለማግኘት ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ጥበቃ "እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" አለኝ። "አዎ፣ ቤት" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን አቋረጠው።

ዕቃዎችህ ቂርቆስ እኛ ቤት ናቸው። እማዬ መሮውንም መጥረቢያውንም ሞረዱንም በዱቄት ጆንያ ጠቅልላ አልጋ ስር አስገብታቸዋለች፤ በየጠዋቱ የእግሬ ጣት ከመጥረቢያህ እጀታ ጋር ሰላም ይባባላል። እሷ አሁንም እዚያው መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ናት። ኮምፒውተር ተሰጥቷቸዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ አትማ ፋይል ውስጥ ትከተዋለች፣ "መብራት ቢጠፋስ?" እያለች። ያቺ እንጨትህ ላይ ጥፍሯን የምትስለው የጎረቤት ድመት ወልዳለች። አንደኛው ግልገል ቁርጥ ያንተን ጢም ይዞ ነው የመጣው፤ ለእማዬ ላሳያት ፈለግኩና ተውኩት።

ሥራ የሚያዙህን ሰዎች ሙድ መያዝ የኔ ሥራ እንደነበር ታስታውሳለህ? ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ እመጣና ፍላጩ ላይ ተቀምጬ የመጣ የሄደውን አነጋገር ስቀዳ ነበር የምውለው። ያ መስቀል ፍላወር አካባቢ ሆቴል ያለው ሰውዬ "አርባ በርጩማ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ኮፒ ፔስት" ያለህ ቀን አልረሳም። መሮህን አስቀምጠህ "አርባ መንታ ከፈለግህ ፋብሪካ አለልህ፤ እኔ ጋ አርባ ወንድማማች ነው የምታገኘው" አልከው። ደግሞ ያቺ ከመጋረጃዋ ጋር የሚሄድ መስቀል ያዘዘችህ ሴትዮ! "ለማን ነው?" አልካት። "ለሳሎን" አለችህ። አልሠራህላትም። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ምን ልሥራልህ?" ብለህ አልነበረም፤ "ለማን ነው?" ብለህ ነበር። እኔ ደግሞ ከኋላህ ሆኜ ከንፈሬን አንቀሳቅሼ አብሬህ እለው ነበር።

ዋናው ሙያህ ግን መቋሚያ ነበር። ለሚያነበው ሰው ልንገረው፤ ካህናቱ ማኅሌት ሲቆሙ ብብታቸው ስር አድርገው የሚደገፉት ረጅም ዘንግ ነው፣ ከላይ እንደ ቀንድ ወደ ሁለት የተዘረጋ ራስ ያለው። ካጠረ ሰውየውን ያጎብጠዋል፤ ከረዘመ ትከሻውን ይሰቅለዋል። ብዙ ሰዓት ነው የሚቆሙት፤ ስለዚህ ልክ ማለት ሁሉ ነገር ነው።

አንተ ደግሞ ሜትር አታወጣም ነበር። "ሰው ልክህን ልውሰድ ሲሉት አንገቱን እንደ ጉርድ ፎቶ ይገትራል፤ ማኅሌት ላይ ግን እንደዚያ አይቆምም" ትለኝ ነበር። ስለዚህ ያልተላገ ዱላ ታስይዘውና ወሬ ታስጀምረዋለህ። ስለ ልጁ፣ ስለ አገሩ፣ ስላመመው ጉልበት፣ ምንም ይሁን። እሱ ዱላዋን ተደግፎ ያወራል፣ አንተ የምትሠራ ትመስላለህ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። ሰውየው ልክ ሊሰጥ መምጣቱን ይረሳል፤ ትከሻው ይወርዳል፤ ወገቡ ወደሚመቸው ይሄዳል። ያኔ ቀስ ብለህ ትነሳና ብብቱ ስር ዱላዋን በእርሳስ ጭረት ታደርጋታለህ። ከጭረቱ ላይ ለመቋሚያው ራስ የሚሆን አራት ጣት ቀንሰህ ዘንጉን ትቆርጣለህ። "እስኪረሳ ጠብቂ።" ያስተማርከኝ የሙያ ሚስጥር ይቺው ብቻ ነበረች። ይቺው ብቻ!

መቋሚያው አልቆ ባለቤቱ እጅ ሲገባ ደግሞ የልክ ዱላዋን ሰንጥቀህ እሳት ውስጥ ትከታታለህ። የሰው ቁመት ጥግ ላይ ተጥሎ ማየት አትወድም፤ አባትህም እንደዚያ ያደርጉ ነበር አሉ። "አባዬ ማስረጃ አጠፋ" እያልኩ በዚህም ሙድ እይዝብህ ነበር።

ከዚያ ኩላሊትህ ደከመ። እግርህ አብጦ ጫማ አልገባ አለ። የካዛንቺሱን ቤት ዘግተህ ቤት ሆነህ መሥራት ጀመርክ፤ እጅህ ግን ደህና ነበር። መሪጌታ ፈንታ አዲስ መቋሚያ እንዲሠራላቸው ሰው የላኩብህ ያን ሰሞን ነው። መሪጌታ ፈንታ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚኖሩ፣ ሰማንያን የተጠጉ የዜማ መምህር ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ወደሚቀጥለው በእግራቸው የሚሄዱ ሰው። እሳቸው እኛ ጋ ያለችውን ዳገት አይወጡም፣ አንተ አትወርድም። ስለዚህ ዱላዋንና እርሳሱን ለኔ ሰጠኸኝ። "እስኪረሱ ጠብቂ" አልክ። "እሺ በቃ" አልኩህ፣ ጫማዬን እያሰርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ውስጥ የጓደኛዬ ልደት አለ፤ ስልኬ "የት ደረስሽ?" እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል። መሪጌታ ዱላዋን ተደግፈው ከጎረቤታቸው ጋር በውሃ ቆጣሪ የተጣሉትን ነገር ጀመሩልኝ። ከመጀመሪያው፤ ማለቴ ቆጣሪው ከመገጠሙ በፊት፣ ቧንቧው ገና ሲቆፈርለት። "እናልሽ ልጄ" ይላሉ። ዝም ይላሉ። ወደ ጣሪያው ያያሉ። "እናልሽ" ይላሉ እንደገና። አምስት ደቂቃ ታገስኩ። አምስት መሆኑን እርግጠኛ ነኝ፤ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበራ። ከዚያ "መሪጌታ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ቀና ይበሉልኝ" አልኳቸው። ቀና አሉ። ምን ቀና ብቻ! አንዲት ፍንዳታ ፊታቸው ቆማ እየሳቀች እንዴት ይጉበጡ? ደረታቸውን ነፍተው እንደ ሰልፈኛ ተገተሩልኝ። ጭረት አደረግኩ። "አመሰግናለሁ መሪጌታ!" በሩ ላይ ሆኜ ነው ያልኩት። ገና ቧንቧው አልተቀበረም ነበር።

ካፌ ስደርስ ያችኑ ዱላ ተደግፌ "እናልሽ ልጄ"ን ሠራሁላቸው። ጠረጴዛው በሳቅ ሞተ። ኬኩ ሳይቆረስ ሁለቴ አስደገሙኝ።

አንተ ሦስት ሳምንት ሠራኸው። ወይራውን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ፣ እግርህን ትራስ ላይ ሰቅለህ። ራሱን እንደዚያ አሳምረህ ሠርተህ አታውቅም፤ ሁለቱ ክንዶች ወደ ታች ሲታጠፉ እንደ ወፍ ነበር የሚያርፉት። ብብት የሚነካውን ቦታ ጉንጭህ ላይ እያሻሸህ ትፈትነው ነበር፣ ይቆረቁር እንደሆነ። ወስጄ ሰጠኋቸው፣ መረቁህ። ወዲያው እንደተመለስኩ የልክ ዱላዋን ሰንጥቀህ ሰጠኸኝና ከሰሉ ላይ የጨመርኳት እኔው ነኝ።

የቂርቆስ በዓል ዕለት እግርህ ትንሽ ተሽሎት የኔን ትከሻ ተደግፈህ ወረድክ። ረፋዱ ላይ ካህናቱ ወጥተው ሲያሸበሽቡ ሰው መሃል ቆመን አየናቸው። መሪጌታ ፈንታ ቀኝ ትከሻቸው መስቀያ ላይ እንደተንጠለጠለ ኮት ወደ ጆሯቸው ወጥቷል። አንዴ መቋሚያውን ወደ ግራ ያዛውሩታል፣ አንዴ ከብብታቸው አውጥተው በእጃቸው ብቻ ይይዙታል። ትከሻዬ ላይ ያለው እጅህ ጠበቅ አለ። ከኋላችን ጋሽ ዘነበ፣ የእድራችን ጸሐፊ፣ "ታሟል እኮ ምስኪን፤ እጁ ከድቶታል" ሲል ሰማን። ጋሽ ዘነበ ሲያንሾካሹክ ኦሎምፒያ ድረስ ይሰማል።

ሕዝቡ ሲበተን ወደ መሪጌታ ሄድን። "መሪጌታ፣ አራት ጣት ያህል ረዘመብዎ መሰለኝ። ይስጡኝና ላስተካክለው" አልካቸው። "ኧረ በፍጹም! ልኬ ነው! እንዲያውም እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም" አሉህ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ቀጥ እያሉ። ታመህ፣ በልጅ ተደግፈህ መጥተህ እንዴት ሥራህ ተበላሽቷል ይበሉህ? ይሉኝታ ያዛቸው። አንተ ደግሞ ይሉኝታ መሆኑ ገባህ። ትከሻዬን ተደግፈህ ነበር፤ ክብደትህ ሲጨምር ተሰማኝ።

ቤት ስንገባ ጫማህን ሳወልቅልህ ጠየቅኸኝ። "እስኪረሱ ጠብቀሽ ነበር አይደል?"

"አዎ!" አልኩህ። ማሰቢያ ጊዜ እንኳን አልወሰድኩም። "የቆጣሪውን ወሬ እስከ መጨረሻው ነው የሰማሁት። ፍርድ ቤት ሁሉ ሄደዋል!"

ፍርድ ቤት! ከየት አመጣሁት? ሳቅክ። "ፍርድ ቤት ድረስ ከሄዱማ ረስተዋል" አልክ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊትህ ሄደ፣ ቀኝ እጅህን ገልብጠህ ማየት ጀመርክ። "እንግዲያው የመቋሚያውን ራስ አራት ጣት ሳልቀንስ ቀርቼ ነው። አርባ ዓመት ስቀንሳት ኖሬ፣ እንዴት ረሳኋት?" አልክ። ለኔ አልነበረም የምትናገረው። ዱላዋ ብትኖር ለክተህ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ዱላዋ አመድ ሆናለች። እኔ ደግሞ ማሰሪያው የተቋጠረ ይመስል ሁለተኛውን ጫማህን ስፈታ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ትዕዛዝ አልተቀበልክም። አንድ ሰው መጣ፣ መለስከው። ሌላ መጣ፣ መለስከው። ሦስተኛ የመጡት አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው ቅስና ሊቀበል ስለሆነ የእጅ መስቀል ሊያሠሩለት። "ለማን ነው?" አልካቸው እንደ ልማድህ። ነገሩህ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ እንዴት እንደተማረ፣ እጁ ትንሽ መሆኑን ሳይቀር። ፊትህ ሲበራ አየሁት። እንጨቱን ሁሉ የመረጥክ መሰለኝ። ከዚያ "እናቴ፣ እጄ ልክ መያዝ ትቷል። ልጅዎን አላሳፍረውም" ብለህ ሸኘሃቸው።

እኔ መጋረጃው ወዲያ የሒሳብ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። አንድ! ለሽማግሌ ሁሉ መልስ የማያጣ ምላሴ ለዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ደረቀ። "ሲሻለው እነግረዋለሁ" ነበር የምለው ለራሴ። ደግሞም እውነቱን ልንገርህ። አንተ ዋሾ መሆኔን እንድታይ አልፈለግኩም። የምታየኝ አስተያየት እንዲቀየር አልፈለግኩም። ያንተ እጅ ከሚቀር የኔ ፊት ይቅር አላልኩም። አልተሻለህም። ከበዓሉ በአምስተኛው ወር ሄድክ።

ዓመቱን ሙሉ ቀልዴን ቀጠልኩ። ለቅሶ ቤት እንኳን የሚመጡትን ስቀዳ እማዬ በክርኗ ትጎሽመኝ ነበር። ጋሽ ዘነበ ለሙት ዓመትህ ድንኳን ሊያስተካክል የመጣ ቀን ግን አልቻልኩም። ሻዩን እየጠጣ፣ በደግነት ነው ደግሞ፣ "እንደ እሱ ያለ ባለሙያ አልነበረም፤ በመጨረሻ እጁ ከድቶት ነው እንጂ" አለ። እማዬ አንገቷን ደፋ አድርጋ "አዎ፣ ደክሞ ነበር" አለች። እማዬ! መሥሪያ ቤቷ ወረቀት ያለ ማኅተም የማትቀበለው እማዬ ይሄን ዝም ብላ ተቀበለችው። ያኔ ገባኝ። የኔ ውሸት ያንተ ታሪክ ሆኗል። ሰው ሲያነሳህ እየተከተለህ ሊኖር ነው።

በማግስቱ መሪጌታ ፈንታ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የካፌውን ጨምሮ። እንዲቆጡኝ እየጠበቅኩ ወለሉን አያለሁ። እሳቸው ግን "ሥራ የተወው በዚህ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ መሪጌታ።"

"በሕመሙ መስሎኝ ነበር።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ጠይቆኝ ነበር እኮ። ልኬ ነው አልኩት። እንዳይከፋው ብዬ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኚያ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰውዬ በአንድ ትንፋሽ "ለኔ መንገርሽ ቀላሉ ነው። ስሙ የጎደፈው ሰው መሃል ነው፤ ሰው መሃል ቁሚና ተናገሪ" አሉኝ።

ለእማዬ የነገርኳት ምስር ስትለቅም ነው። እጇ ትሪው ላይ ቆመ። "ሐኪም ጋ ይዞኝ ሄዶ ነበር" አለች። "መድኃኒቱ ሰው ያስረሳል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አያስረሳም አሉት። እንግዲያው ከራሴ ነው ብሎኝ ወጣን።" ከዚያ ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች። ሦስት ቀን "ምግብሽ ተከድኗል" ከምትለኝ በቀር አላናገረችኝም። ብትመታኝ ምን ነበረበት።

ሙት ዓመትህ ዕለት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሰው በልቶ ሊጠግብ ሲል ተነሳሁ። ግጥም ላነብ መስሏቸው አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ለማልቀስ ዝግጁ ሆኑ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ ሳምንት እስቅ ነበር። አጭር ነው የተናገርኩት። ልኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሲጠይቀኝም ዋሽቼዋለሁ፣ የአባቴ እጅ ምንም አልሆነም አልኩ።

ጋሽ ዘነበ ከሁሉም ቀድሞ "ልጅ ናት፣ ሐዘን ነው፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይቅር ይበልሽ" አለ። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ "ልጅ ናት፣ ልጅ ናት" ሆነ። አንዲት ሴትዮ ጭራሽ ሳሙኝ። አባዬ፣ ልጅ መባል በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አቃጥሎኝ አያውቅም። እኔ ልጅ ከሆንኩ ነገሩ አለቀ፤ ያንተ እጅ ግን እንደከዳ ሊቀር ነው። "አይደለም፣ ስሙኝ!" ብል የሚሰማኝ አጣሁ።

ያን ቀን ዳገቷን እንደምንም ወጥተው የመጡት መሪጌታ ፈንታ ሳህናቸውን አስቀምጠው ተነሱ። "ዘነበ፣ እስቲ እየኝ" አሉ። መቋሚያውን ብብታቸው ስር አደረጉና ቀጥ ብለው ቆሙ። "ልጅቱ ስትለካኝ እንዲህ ቆሜ ነበር። እየው፤ አንዲት ጣት ይተርፋል? ይጎድላል? የተሰጠውን ልክ ነው የሠራው።" ልክ ነበር አባዬ። ሰው ሁሉ አየው። ከዚያ መሪጌታ ሰውነታቸውን ለቀቁት። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሰውነት ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ትከሻቸው ብቻ እላይ ተሰቅሎ ሲቀር ሁሉም ተመለከተ። "ይሄ ደግሞ እኔ ነኝ፤ እያመመኝ ልኬ ነው ብዬ የዋሸሁት። እሷ ዋሸች፣ እኔ ዋሸሁ፣ አንተ ሳታጣራ አወራህ። እጁን ከሥራ ያስቀመጥነው እኛ ነን።"

ጋሽ ዘነበ ብድግ አለና "መጋዝ ላምጣ፤ አሁኑኑ ከታች አራት ጣት እንቁረጠው" አለ።

"ቁጭ በል አንተ" አሉት መሪጌታ። "የመጋዙ ጊዜ ሰውየው በነበረ ጊዜ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ሰው ውሃውን ጠጣ፣ "ነፍስ ይማር" እያለ ወጣ። ጋሽ ዘነበ ሲወጣ ፎቶህ ፊት ቆም ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። አልቀዳሁትም። ሁሉም ሄደው ሳህን ስናጥብ እማዬ ሳታየኝ "ለሁሉም ነገርሽ። ለእሱስ?" አለችኝ። ይኸው ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ቀለለሽ ወይ ብትለኝ፣ አልቀለለኝም። ሰው እውነቱን ስትናገሪ ሸክሙ ይለቅሻል ይላል፤ እኔን አልለቀቀኝም። አርባ ሰው ፊት የተናገርኩትን ለአንድ ሰው ብናገረው ኖሮ ያ ቄስ ዛሬ እጁ ላይ ያንተን መስቀል ይዞ ነበር። ይሄ በምንም አይስተካከልም፤ አውቃለሁ።

ፎቶህን እየሳምኩ አስታውስሃለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም፤ እሱን እማዬ ከኔ በተሻለ ታደርገዋለች። እኔ የማስታውሰው አንተንም፣ ያደረግኩህንም ነው፤ ሁለቱን ሳልነጣጥል። ስምህ የትም ቢነሳ፣ ታክሲ ውስጥም ቢሆን፣ ሠርግ ላይም ቢሆን፣ አንድ ሰው "በመጨረሻ ግን..." ሲል ከሰማሁ ጣልቃ እገባለሁ። "እኔ ነኝ" እላለሁ። "ምኑ?" ይሉኛል። ቁጭ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ሰው ይሰለቸኛል፤ "ያቺ ሴትዮ ደግሞ መጣች" ይለኛል። አንዲት ምላሳም ልጅ ከኋላዬ ሆና ትቀዳኝ ይሆናል። ትቅዳኝ። ስትቀዳኝ የምትለው የአባቴ እጅ ልክ እንደነበር ነው።

ልጅህ